በድሃ ይሳቃልን?

ስለ ሀብትና ስለ ድህነት የሚሠራ አስቂኝ ፊልም አንድ የሞራል ጥያቄ ያስነሣል፤ ሳቁ የሚያርፈው በማን ላይ ነው? ጥያቄው ከወልዲያ ወደ ወረታ የሚዘልቀው ጎዳና ወደ ላሊበላ በሚገነጠልባት በጋሸና ሲነሣ ይበልጥ ይከብዳል። የላስታና የዋድላ ደጋ የ1965ቱንና የ1977ቱን ረሀብ አይቷልና።

ቻርሊ ቻፕሊን እ.ኤ.አ. በ1925 ባወጣው «የወርቅ ጥድፊያ» በተሰኘው ፊልም የተራበ ሰው ጫማውን ቀቅሎ ይበላል። ማሰሪያውን እንደ ፓስታ ይጠቀልላል፤ ምስማሩን እንደ አጥንት ይመጠምጣል። ይህ ትርኢት ረሀብን ባሳለፈ ሰው ፊት ነውር አይሆንምን? አይመስለኝም። የሚያስቀው ረሀቡ ሳይሆን፣ እህል ያጣው ሰው የገበታ ሥርዓቱን አለማጣቱ ነው። «በልቻለሁ» ብሎ ያለችውን ለእንግዳው የሚያቀርብ የደጋ አባወራ ይህን ሰው ያውቀዋል።

«ድሃ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት በገደለው» የሚለውን ተረት ድሃው ስለ ራሱ ሲናገረው ብልሃት ነው፤ ባለጸጋው ሲናገረው ስድብ ይሆናል። ልዩነቱ ያለው በቃሉ ሳይሆን በተናጋሪው አቋም ነው። ፊልምም እንደዚሁ ነው። በልጅነቱ በለንደን የድሆች መጦሪያ ቤት የኖረው ቻፕሊን ካሜራውን ከማን ወገን እንደሚያቆም ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1931 በወጣው «የከተማ ብርሃናት» ባለጸጋው ድሃውን ወዳጁን የሚያውቀው ሲሰክር ብቻ ነው፤ ስካሩ ሲበርድለት ከቤቱ ያስወጣዋል። ሳቁ የሚያርፈው በባለጸጋው ኅሊና ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ሳቅ ወሰን አለው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሀብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር አሰናስሎ አሳየ። ድግስንና ረሀብን ጎን ለጎን ማቆም የአስቂኝ ፊልም የቆየ ዘዴ ነው፤ ያን ምሽት ግን ዘዴው የቀሰቀሰው ሳቅን ሳይሆን ቁጣን ነበር። ቻፕሊን ጫማውን በልቶ ይነሣል፤ ረሀብ የጣላቸው የወሎ ገበሬዎች ግን አልተነሡም።

እንግዲህ መለኪያው ይህ ነው። ድሃው መልስ ለመስጠት፣ በብልሃት ለማምለጥ አቅም እስካለው ድረስ ሳቅ ከእርሱ ጋር ሊቆም ይችላል። አፉ ከተዘጋ በኋላ የሚሳቅ ሳቅ ግን የጥጋበኛ ሳቅ ነው። አስቂኝ ፊልም የሚሠራ የኪነ ጥበብ ሰው፣ ሥራው በጋሸና ገበያ መካከል ቢታይ አብሮት የሚስቀው ማን፣ አንገቱን የሚደፋው ማን እንደሚሆን አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ።