ኩሉ ለማን ነው?

እህቴ ከሜሪላንድ ደውላ «ሜካፕ ሠሪዋን አንተ ፈልግልን» ስትለኝ ሳቄ መጣ። ዕድሜ ልኬን ጠመኔ ይዤ የኖርኩ፣ ጡረታ የወጣሁ የጎንደር መምህር ነኝ። ስለ ሴቶች ቅባት የማውቀው ቢኖር ባለቤቴ መስተዋት ፊት የምትቆይበትን ጊዜ ነው። ይሁንና ጎንደር ያለሁት እኔ ነኝ፤ ሙሽራዋም የእህቴ ልጅ ናት። እምቢ አይባልም።

ነገሩ በጥር 2011 ዓ.ም. ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት እዚያው አሜሪካ ተፈጽሟል። የቀረው የዘመድ ግብዣና የሽማግሌ ምርቃት ነበርና ልጆቹ «ሰሜን ተራራ ላይ ይሁንልን» አሉ። አሁን አሁን ለሰርግ አገር አቋርጦ ተራራና ባሕር ዳር መሄድ ልማድ ሆኗል። ለሙሽሮቹ ሰሜን ፎቶግራፍ የሚያምርበት ገደል ነው። ደባርቅ ተወልዳ ደባርቅ ላረጀችው እናቴ ግን ሰሜን ማለት ውርጭ፣ ገብስና አቀበት ነው። «ሰው እንዴት ሰርጉን ዝንጀሮ መሃል ይደግሳል?» አለች፤ ጭላዳውን ማለቷ ነው።

ጠይቄ አጠያይቄ አንዲት ትንሽ የውበት ሳሎን ያላት ወጣት አገኘሁ። ዋጋ ተነጋግሬ የምወጣ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን በጥያቄ ያዘችኝ። የልጅቷ ቆዳ ደረቅ ነው ወዛም? ፎቶው የሚነሳው በስንት ሰዓት ነው? የምትቀባበት ክፍል ወደ የት ይመለከታል? መብራቱ የጄኔሬተር ነው? አንዱንም አላውቅም። ሎጁ ከ3,200 ሜትር ከፍታ በላይ ነው ብላት ራሷን ነቀነቀች። ከፍ ባልን መጠን አየሩ ይሳሳል፤ የፀሐይዋ አልትራ ቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል እየበረታ ይሄዳል፤ ይህን እንኳ ለተማሪዎቼ አስተምሬዋለሁ። የማላውቀው እሷ የምታውቀውን ነበር። በዚያ ደረቅ ነፋስ ክሬሙ ቶሎ ይደርቃል፤ ፓውደሩ ፈገግ ባሉ ቁጥር እንደ በጋ መሬት ይሰነጠቃል፤ በማለዳው ብርድ ፋውንዴሽኑ ስለሚጠጥር ብልቃጡን ብብቷ ውስጥ ይዛ ታሞቀዋለች፤ በአምፖል ብርሃን የተመረጠ ቀለም ቀን ፀሐይ ላይ ሲወጣ አመድ ይመስላል። ስለዚህ ከሁለት ቀን በፊት ሙሽራዋን ደጅ አስቀምጣ፣ ፀሐይ ላይ መሞከር አለባት።

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሎጁ ከዚያም ያልፋል። መጓጓዣዋን፣ መኝታዋንና የረዳቷን ቀለብ ጨምራ ዋጋዋን ነገረችኝ። እህቴ «ፊት ለመቀባት ይህን ያህል?» አለች። እዚያ አገር ቢሆን እጥፍ ድርብ ከፍላ «ታንክ ዩ» እንደምትል አውቃለሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በውርጭ ተነስቶ የሚሠራ ሥራ ነው ብዬ ተከራከርኩላትና ግማሹን ቀብድ ከፈልኩ። ይኸኛው ፍርድ ቀላል ነበር።

ከባዱ የመጣው ልሰናበታት ስል ነው። የሙሽራዋን ፎቶ ከስልኬ አሳየኋት። ከግራ ጆሮዋ ሥር ተነስቶ ወደ አንገቷ የሚወርድ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። «ይህችን ደህና አድርገሽ ሸፍኚልኝ» አልኳት።

ልጅቷ ፎቶውን ትታ እኔን አየችኝ። «ሸፍኚልኝ ነው ያሉኝ ጋሼ? ሙሽራዋ ናት ያዘዘችው?»

ስንት ዓመት ሰዋስው ያስተማርኩ ሰው፣ ከአንድ ግሥ ጭራ ላይ ተያዝኩ። «ሸፍኚላት» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

ለመሆኑ ፊትን መቀባት ማታለል ነው? ጥያቄው አዲስ አይደለም። ፕላቶ «ጎርጊያስ» በተሰኘው ድርሰቱ ሶቅራጥስን ሲያናግረው፣ ገላን በእውነት የሚያሳምረው የሰውነት ማጎልመሻ ነው፤ የቀለሙ ነገር ግን የእሱ አስመሳይ፣ የሽንገላ ወገን ነው ያሰኘዋል። ዜኖፎን ስለ ቤት አስተዳደር በጻፈው መጽሐፍ ደግሞ አንድ ባል ሚስቱ ፊቷን ነጭ ቀብታ፣ ጉንጯን አቅልታ፣ ከፍ ያለ ጫማ ተጫምታ ያገኛትና፣ ሐሰተኛ ገንዘብ እውነተኛ ነው ብዬ ባሳይሽ ታከብሪኝ ነበር ወይ በሚል ዓይነት ምሳሌ ይገሥጻታል። በተቃራኒው ፈረንሳዊው ባለቅኔ ቦድሌር እ.ኤ.አ. በ1863 ባወጣው ጽሑፍ ለኩልና ለቀለም ጥብቅና ቆሟል፤ ጌጥ ተፈጥሮን መስሎ መደበቅ የለበትም፣ ጌጥነቱን በግልጽ ያሳይ ባይ ነው።

በበኩሌ ከፈረንጆቹ ክርክር የእናቴ ፊት ይበልጥ ያስተምረኛል። አንገቷና አገጯ ተነቅሷል፤ ድዷም እንዲጠቁር ተወግቷል። በልጅነቷ እጅና እግሯን በእንሶስላ አቅልታለች፣ ዓይኗን ተኩላለች። ያንን ያየ ሰው ሁሉ ሴትዮዋ ከእናቷ ማኅፀን ቀይ እጅ ይዛ ወጣች ብሎ አላሰበም። ኩል «ኩል ነኝ» ይላል። የሚታይ ጌጥ ማንንም አያታልልም። የሰርግ ዘፈናችንም ቢሆን ሙሽራዋ መኳሏን አያወግዝም፤ ማን እንደኳላት ነው የሚጠይቀው። እንደ ዘፈን ሲሰሙት ማሽሞንሞን ይመስላል፤ እኔ ግን ከዚያች ቀን ወዲህ እንደ መስቀለኛ ጥያቄ እሰማዋለሁ።

መሸፈን ግን ከማጌጥ ይለያል። ጌጥ ሲታይ ሥራውን ይሠራል፤ ሽፋን ሥራውን የሚሠራው ሳይታወቅ ሲቀር ነው። እንዲያም ሆኖ መሸፈን ሁሉ ክፉ ነው ለማለት አልደፍርም። እኛ ዘንድ የሰው ገመና መሸፈን ትልቅ ምግባር ነው። እናቴ ስትዳር ፊቷን በጋቢ ተሸፍና በበቅሎ ነው የሄደችው፤ የባሏ ዘመዶች መልኳን ያዩት ቆይተው ነው። ማን ዋሸች አላት? ስለዚህ ጥያቄው ተሸፈነ ወይስ አልተሸፈነም አይደለም። የተሸፈነው የማን ገመና ነው?

እዚህ ላይ ልናገር የማልፈልገውን እናገራለሁ።

በ1986 ዓ.ም. እህቴ ልጅቷን እኔ ዘንድ ትታ ለጉዳይ አዲስ አበባ ሄዳ ነበር። ልጅቷ አምስት ዓመቷ ነው። ባለቤቴ ገበያ ወጥታለች። ከሰል ምድጃው ላይ ቡና ተጥዷል፤ እኔ ጋዜጣ እያነበብኩ ነው። ዓይኔን ከጋዜጣው ሳላነሳ «ስኒውን አቀብዪኝ» አልኳት። ስኒው ከምድጃው ወዲያ ነበር። ጀበናው ተገለበጠ።

ለባለቤቴም ለእህቴም ያልኩት ሌላ ነው። ውኃ ልቀዳ ደጅ ወጥቼ ሳለሁ ልጅቷ ራሷ ሾልካ ገብታ ጀበናውን ነካችው አልኩ። «እኔ ነኝ የላክኋት» የምትለዋን አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው የቀባኋት። እህቴ ወቅሳኝ አታውቅም፤ ይልቁንም «የልጅ ነገር» እያለች አጽናናችኝ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ በልጅቷ አመካኝቼ ኖርኩ። ዜኖፎን ሚስቲቱን ትቶ እኔን ቢያገኘኝ ኖሮ ስለ ሐሰተኛ ገንዘብ የተሻለ ምሳሌ ባገኘ ነበር። እንግዲህ «ሸፍኚልኝ» ያልኩት ሙሽራዋ እንድታምር አልነበረም። ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት በዚያ ቀን ያንን ጠባሳ ፀሐይ ላይ ማየት ስለማልፈልግ ነው።

የሙከራው ዕለት ሎጁ ደጃፍ፣ ጅባራዎቹ ባሉበት በኩል ወንበር ተደርጎ ልጅቷ ተቀመጠች። ባለሙያዋ ሥራዋን ሳትጀምር መስተዋት አስያዘቻትና ቁርጡን ነገረቻት። ጠባሳ ላይ ቀለም እንደ ሌላው ቆዳ አይዝም፤ ወፈር አድርጋ ከደራረበችው ይሸፈናል፤ በዚህ ደረቅ አየር ግን በየሁለት ሰዓቱ ማደስ ያስፈልጋል፤ ፀሐይ በጎን ስትመታው ደግሞ ልሙጥ ሆኖ ሊያሳብቅ ይችላል። «ይሸፈን ወይስ ይቆይ?» አለቻት። እህቴ ከኋላ ሆና «ይሸፈን እንጂ! ፎቶው እኮ ለዘላለም ነው» አለች። ልጅቷ ዝም አለች። ቀጥላ እህቴ ሻይ ልታዝ ገባ ስትል ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ እንዲሸፈን አስቀድመው የነገሯት እርስዎ ነዎት አለችኝ። ያስጠላል እንዴ?»

አማርኛዋ አንተንና አንቱን ሲያቀላቅል የኖረ ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን አልተሳሳተችም። «አያስጠላም» አልኳት። ከዚያ ምድጃውን፣ ጋዜጣውን፣ ስኒውን ነገርኳት። ባለሙያዋ ብሩሿን ይዛ ወደ ገደሉ ዞር አለችልን።

ልጅቷ ብዙ አልተገረመችም። «አስታውሳለሁ» አለች። «ጆሮው የተሰበረው ስኒ ነበር።»

እውነት ነው። ጆሮው የተሰበረ ስኒ ነበረን፤ እኔ ረስቼዋለሁ። በዓይኗ እያየችኝ ስትስመኝ፣ በየዓመት በዓሉ ስትደውልልኝ፣ ታውቅ ነበር ማለት ነው።

«ለእማዬ ነግረዋታል?»

«አልነገርኳትም።»

«እኔም አልነገርኳትም» አለችና መስተዋቱን አነሳች። ባለሙያዋን በእንግሊዝኛም በአማርኛም አድርጋ ልታስረዳት ጀመረች። እኔ ለመስማት አልቆየሁም፤ ወንድ የሚቆምበት ቦታም አልነበረም።

የሰርጉ ዕለት ጥዋት ውርጩ ሣሩን አንጥቶት አደረ። ሙሽራዋ ስትወጣ ጠባሳው አልነበረም፤ ወፈር ብሎ፣ በጥንቃቄ ተሸፍኗል። እናቷ እልል አለች። ለምን እንደመረጠች አልጠየቅኋትም፤ ለእናቷ ይሁን፣ ለራሷ ይሁን፣ ወይስ ለእኔ ብላ። ከቀትር በኋላ ግን ነፋሱ በረታና ባለሙያዋ ልታድስላት ስትመጣ «ይበቃል» ብላ መለሰቻት። በየምርቃቱ መሃል ከጆሮዋ ሥር ቀስ በቀስ ብቅ ሲል አየሁት። እናቴ ልትስማት ስታጎነብሳት የሳመቻት በዚያው በኩል ነው።

ለእህቴ እስከዛሬ አልነገርኳትም። ይህን መጽሔት በየወሩ ሜሪላንድ ድረስ የሚልክላት ሰው እንዳለ ግን አውቃለሁ።