ከሥሯ ተኝተሽ እያት

ልጄ፣ ትናንት በስልክ የላክሽልኝን የመኪናዋን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ቀይ ቪታራ፣ ባለ ሦስት በር፣ ቀለሟ ገና ያልደረቀ የሚመስል። ድምፅሽ ውስጥ የነበረው ደስታ ልቤን ስለነካው ብዙ ሳልናገር ስልኩን ዘጋሁት። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያ ገንዘብ የአምስት ዓመት ዕቁብሽ ነው፤ አንድ ዓይን ያለው ደግሞ በአፈር አይጫወትም። ስለዚህ በስልክ ያልነገርሁሽን ተቀምጬ ጻፍሁልሽ።

ለከተማው ብቻ ቢሆን ኖሮ «ተይው» እልሽ ነበር። ከአያት ሰፈር እስከ መሥሪያ ቤትሽ ያለው መንገድ አስፋልት ነው፤ ለሱ ትንሽ የቤት መኪና ይበቃዋል። አራቱም ጎማዋ የሚጎትት መኪና ከሌላው በላይ አንድ ረዳት ካምቢዮ፣ አንድ ተጨማሪ ዲፈረንሻልና ተጨማሪ ዘንጎች ተሸክማ ነው የምትዞረው። ሁሉም ዘይት ይፈልጋሉ፣ ሁሉም ያረጃሉ፣ ክብደታቸውም ነዳጅ ይበላል። ያልቸገረው ሰው ሲገዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆንበታል። አንቺን ግን ቸግሮሻል። ከደብረ ብርሃን ወዲያ፣ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ እናትሽ ደጅ የሚያደርሰውን መንገድ አውቀዋለሁ። ሐምሌ ላይ ያ መረሬ ጭቃ ጫማን ከእግር አውልቆ ያስቀራል። ባለፈው ክረምት እናትሽ ስትታመም ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ አስፋልቱ ድረስ እንዳወጣት አልረሳሁትም፤ አንቺም እንዳልረሳሽው አውቃለሁ። ስለዚህ ፎር ዊል መፈለግሽን እደግፋለሁ። የምከራከርሽ ስለ አገዛዙ ነው።

ገበያው ለገዢ አይመችም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና በሚያስገባ ሰው ላይ ከባድ ታክስ ጫነ። በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና እጅ በእጅ እየተቀባበለ ይኖራል እንጂ አይተካም። ሻጭ ይህን ያውቃል፤ «ነገ አታገኛትም» ይላል። ደላላውም ያጣድፋል። አንቺ አትጣደፊ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ስታያትም ፊትሽ ላይ ደስታሽ አይታይ፤ አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው የሚባለው በመኪና ገበያ በየቀኑ የሚሆን ነገር ነው።

ምርጫሽ ራሱ መጥፎ አይደለም። ቪታራ በ1988 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ኤስኩዶ ተብላ የወጣች ናት። አካሏ የተቀመጠው እንደ ጭነት መኪና በራሱ ሻንሲ ላይ ነው፤ የኋላው አክስል ድፍን ነው፤ ከባድ ማርሽ አላት። አሠራሯ ቀላል ስለሆነ የገጠር ከተማ መካኒክ ሳይቀር ይፈታታታል፤ ዕቃዋም ሶማሌ ተራ ወርደሽ የምታገኚው ነው። ይህ የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ይበልጥብኛል። ዕቃው የማይገኝ ጥሩ መኪና ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው። ከሷ ሌላ በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ራቭ ፎር አለ፤ በአስፋልት ላይ ከቪታራ ይለሰልሳል፣ ሞተሩም 2 ሊትር ነው። ግን ለብቻው የቆመ ሻንሲና ከባድ ማርሽ የለውም። ቴሪዮስ ጠባብና ነዳጅ ቆጣቢ ናት፤ 1.3 ሊትር ሞተሯ ግን ጭነት ይዛ ዳገት ሲመጣ ትንፋሽ ያጥራታል።

ስለ ትንፋሽ ካነሳሁ አይቀር፣ ደላላ የማይነግርሽን ልንገርሽ። ከባሕር ወለል 1,000 ሜትር ከፍ ባልሽ ቁጥር ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ይሳሳበታልና። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ታልፋለች። የጥንቷ ባለ 1.6 ሊትር ቪታራ ከፋብሪካ ስትወጣ 80 ገደማ የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ እናትሽ አገር ስትደርስ የሚቀራት 60 እንኳ አይሞላም። ካርቡራተር ያላት ከሆነች ደግሞ ቀጭኑን አየር ለይታ ነዳጇን አትቀንስም፤ ጥቁር ጭስ እያጨሰች ትበላብሻለች። ስለዚህ ኢንጀክሽን ያላትን ባለ 16 ቫልቭ ፈልጊ። እሷም ብትሆን በሊትር ከ9 ወይም ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች ብለሽ አታስቢ፤ በመገናኛ መጨናነቅ ከዚያም ያንሳል።

አሁን ወደ ቀለሙ ልምጣ፤ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነውና። የዛሬ 27 ዓመት፣ በግብርና ሥራ ገጠር ለገጠር ስዞር፣ የራሴ የምላትን የመጀመሪያዋን ትንሽ የፊልድ መኪና ገዛሁ። ስሟንም ሻጩንም አላነሳም። ቀለሟ ያበራ ነበር፤ የመቀመጫዋ ልብስ አዲስ ነበር። እኔም ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ሆንሁ። በሦስተኛው ወር ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በጭጋግ ስወርድ ከኋላ «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ መኪናዋ ወደ ገደሉ ጎን ተሳበች። በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብዬ እየወረድሁ ስለነበር ብቻ ቆመችልኝ። ወርጄ ብንበረከክ የኋላውን አክስል ከሻንሲው ጋር የሚይዘው ክንድ ከሥሩ ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። የተገነጠለበትን ቦታ በጣቴ ነካ ሳደርገው ብረቱ እንደ ደረቅ ዳቦ ቅርፊት ተፈረፈረ። ዝገቱ ላይ ስቱኮ ተለስኖ፣ በስቱኮው ላይ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ነበር። እናትሽ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ አንቺን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

ከዚያ ቀን ወዲህ መኪናን ከላይ አይቼ አላውቅም። ከላይ ያማረ ሁሉ ውስጡን ለቄስ ነው። አንቺም አሮጌ ነጠላ ይዘሽ ሂጂ፤ አንጥፈሽ ከሥሯ ተኝተሽ እያት። ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርጊው፤ ጤነኛ ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የበሰበሰ ድምፁን ይውጣል። ትኩስ ጥቁር ቀለም ሻንሲው ላይ ካየሽ ከዝገቱ በላይ እሱን ፍሪው። በኋላ ጎማ ቅስቶችና በበሮቹ ግርጌ መግነጢስ በጨርቅ ጠቅልለሽ አስጠጊ፤ የማይዝበት ቦታ ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነው። የደጋ አገር መኪና በአብዛኛው ከዝገት ይድናል፤ በክረምት መንገዱ ላይ ጨው ከሚበተንበት ከአውሮፓ የመጣች ወይም በባሕር ዳርቻ ዘመኗን የፈጀች ግን ሌላ ናት። ከየት እንደገባች ጠይቂ።

ሞተሩን በጠዋት፣ ሳይነሳ እይው። መጀመሪያ መዳፍሽን ሽፋኑ ላይ አሳርፊ፤ ሞቆ ካገኘሽው ሻጩ በቀዝቃዛ የማይነሳ ሞተር ሊደብቅብሽ ነው። የዘይቱን ክዳን ክፈቺና ከሥሩ ተመልከቺ፤ ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ካለበት ውኃና ዘይት ተገናኝተዋል፣ ቴስታታው መፈታት ሊኖርበት ይችላል ማለት ነው። ከተነሳ በኋላ ከኋላ ቆመሽ ጭሱን እይ፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ሆኖ ከቀጠለ ውኃ ነው። የኪሎ ሜትሩን ቁጥር አትመኚ፤ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ምን ያህል እንዳለቀ ከቁጥሩ የበለጠ ይናገራል። ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር።

ከዚያ የመጣሽበትን ነገር ፈትኚ። ብዙ ሰው ፎር ዊል ገዝቶ ፎር ዊሉን ሳይሞክር ይሄዳል። ሣር ወይም ኮረት ላይ አውጪያት፤ 4ኤች፣ ማለትም አራቱም ጎማ የሚጎትትበትን ማርሽ አስገቢ፣ ቆመሽ 4ኤል፣ ማለትም ከባዱን ማርሽ አስገቢ፣ ወደፊትም ወደኋላም ነድተሽ እግርሽን ከነዳጁ ስታነሺ ማርሹ በራሱ ተመልሶ እንዳይወጣ ተመልከቺ። በአንዳንዶቹ ቪታራዎች የፊት ጎማው መሃል ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ አለ፤ እሱ ካልተቆለፈ ማርሹን ብታስገቢውም የፊት ጎማ አይጎትትም። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረሽ ቀስ ብለሽ ስትሄጂ ከፊት «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ከሰማሽ የፊቱ ዘንግ መገጣጠሚያ አልቋል። አራቱም ጎማዎች አንድ መጠንና ተቀራራቢ ጥርስ ይኑራቸው። የተለያየ ጎማ ያላት መኪና አራቱም ሲጎትቱ ዲፈረንሻሏን ትበላለች።

ከገዛሽ በኋላ ደግሞ አንድ ነገር ሳትማሪ መንዳት አትጀምሪ፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም። መኪና ስትታጠፍ የፊት ጎማና የኋላ ጎማ የሚሄዱት ርቀት እኩል አይደለም። ቪታራ 4ኤች ስትገባ የፊቱና የኋላው ዘንግ አንድ ላይ ይታሰራሉ፤ በመካከላቸው ልዩነቱን የሚያስታርቅ ዲፈረንሻል የለም። ጭቃ ላይ ጎማው በመንሸራተት ይገላገላል። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን መንሸራተቻ የለውም፤ መሪው ይከብዳል፣ ጎማ ይላጣል፣ በመጨረሻም ረዳት ካምቢዮው ይሰበራል። በቅሎ ገመድ በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ማለት ይሄ ነው። ስለዚህ አያት ላይ በሁለት ጎማ፣ በ2ኤች፤ መረሬው ላይ በ4ኤች። ጭቃው ውስጥ ከመግባትሽ በፊት አስገቢ እንጂ ከተቀረቀርሽ በኋላ አይደለም። በበጋም ቢሆን በወር አንዴ ኮረት ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር በ4ኤች ንጂያት፤ ዘይቱ ይዳረስ።

ፎር ዊል ግን ለመሄድ ነው፤ ለማቆም አይደለም። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም። አራት ጎማ ቢጎትትሽም የምትቆሚው እንደማንኛውም መኪና በፍሬን ነው። ያቺ ባለ ሦስት በር ደግሞ በፊትና በኋላ ጎማዋ መካከል ያለው 2.2 ሜትር ብቻ ነው፣ ቁመቷም ረጅም ነው፤ ጠመዝማዛ ላይ በፍጥነት መሪ ከጠመዘዝሽ ትገለበጣለች። የዚያ ዘመን መኪኖች አብዛኞቹ ኤርባግ የላቸውም። ቀበቶውን ስቢውና ያዝ ያዝ እንደሚያደርግ እይ፤ የኋላውንም ጭምር፣ እናትሽ የምትቀመጥበት ነውና። ቁልቁለት ላይ በባዶ ማርሽ ፈጽሞ አትውረጂ፤ በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ።

ወረቀቱን ባጭሩ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር በዓይንሽ አስተያዪ፣ በሰው ቃል አይሁን። ዕዳና እግድ እንደሌለባት ከመዝገቡ ሳይጣራ፣ ውሉም ውልና ማስረጃ ሳይጸድቅ ገንዘብ አትልቀቂ። ደላላው «እኔ አለሁ» ይልሻል፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ካለሽ ገንዘብም አራተኛውን እጅ ለመግዣ አታውጪው። በገዛሽ ሳምንት የታይሚንግ ቺንጋው ይቀየር፤ የቀድሞው ባለቤት «ቀይሬዋለሁ» ቢልሽም። የሞተር፣ የካምቢዮ፣ የረዳት ካምቢዮና የሁለቱ ዲፈረንሻል ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ የራዲያተር ጎማዎችም እንዲሁ። ይህን ማድረግ የማያስችልሽ ዋጋ ከሆነ መኪናዋ ካንቺ አቅም በላይ ናት፤ ብትወጃትም ተያት፣ ሌላ እንፈልጋለን።

ለሻጩ ዛሬውኑ ደውይለትና ቅዳሜ ጠዋት እስክንደርስ ሞተሩን እንዳያስነሳ ንገሪው። 12 ሰዓት ተኩል ላይ አያት አደባባይ እጠብቅሻለሁ። መዶሻውንና መግነጢሱን እኔ አመጣለሁ፤ አንቺ ነጠላውን እንዳትረሺ።