ዕቅድ ግምት ነው ወይስ ቃል?

ፕሮጀክት ማኔጅመንት የሚማር ሰው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ብያኔ ይሰጠዋል። ፕሮጀክት ማለት መነሻና መድረሻ ያለው፣ በዚያው መልክ ከዚህ ቀደም ያልተገኘ ውጤት ለማስገኘት የሚከናወን ጊዜያዊ ሥራ ነው። ብያኔው ለፈተና በቀላሉ ይሸመደዳል፤ ቆም ብሎ ላሰበበት ግን ከባድ ጥያቄ አለበት። ከዚህ ቀደም ያልተሠራን ነገር «በዚህ ቀን ያልቃል» ብሎ መፈረም ምን ዓይነት ንግግር ነው? ስለ ነገ የምናውቀውን መናገር ነው? ወይስ ከማወቅ የተለየ ሌላ ድርጊት ነው?

ነቀምቴ እየሠራሁ በተማርኩበት የመጀመሪያ ዓመት ከሒሳቡም ከሶፍትዌሩም በላይ ያሳሰበኝ ይህ ጥያቄ ነው። ክፍላችን ውስጥ የጤና ባለሙያ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ የወረዳ ግብርና ባለሙያ አለ። ከግምቢና ከአርጆ ዓርብ ማታ ተሳፍረው የሚመጡም አሉ። ከሰኞ እስከ ዓርብ የመሥሪያ ቤት ነን፤ ለትምህርት የምንሰጠው ከዚያ የተረፈውን ነው። ዕቅድ ሲሳካም ሲፈርስም ከመጽሐፍ በፊት በኑሯችን አይተነዋል።

መጻሕፍቱ የሚያስተምሩት ስሌት ዕቅድን እንደ ግምት ያየዋል። የፕሮጀክቱን ማብቂያ የሚወስኑትን ተከታታይ ተግባራት የሚለየው የወሳኝ መስመር ዘዴ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1957 ዱፖንትና ሬሚንግተን ራንድ በተባሉት የአሜሪካ ኩባንያዎች ነው። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለፖላሪስ ሚሳኤል ሥራ ፐርት የተባለውን ዘዴ አወጣ። በፐርት ለእያንዳንዱ ተግባር ሦስት ግምት ይያዛል፤ ሁሉ ከቀና የሚፈጀው ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጀው፣ ሁሉ ከተበላሸ የሚፈጀው። የመካከለኛው አራት እጥፍ ከሁለቱ ጋር ተደምሮ ለስድስት ይካፈላል፤ አንድ ቁጥርም ይወጣል። ቁጥሩ ወደ ሰንጠረዡ ከገባ በኋላ ሦስት ግምት እንደነበረ የሚያስታውስ የለም።

ግምት ነው ካልን ደግሞ ሰው በዚህ ረገድ ደካማ ገማች ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ሰው ለገዛ ሥራው የሚገምተው ጊዜ ዘወትር እንደሚያጥር ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ የቢዩለር፣ የግሪፈንና የሮስ ጥናት ደግሞ የእኛኑ ቢጤዎች፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፉ ተማሪዎችን መረመረ። ተማሪዎቹ በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንጨርሳለን ብለው ነበር፤ የፈጀባቸው ግን 55 ቀን ያህል ነው። ስለ ነገ ሲያስቡ ያዩት ዕቅዳቸውን እንጂ ትናንት የዘገዩበትን አልነበረም።

ታዲያ ይህን ያህል የሚስት ግምት ላይ ማኅተም ማሳረፍ ለምን አስፈለገ? እኔ እንደሚመስለኝ ዕቅድ ከመሠረቱ ግምት ስላልሆነ ነው። ነገ ይዘንባል ያለ ሰው ባይዘንብ ተሳሳተ እንጂ ማንንም አልበደለም። ሪፖርቱን ሐሙስ አስረክባለሁ ያለ ሰው ግን ሐሙስ ባያስረክብ አንድ የሚጠብቀው ሰው አለ፤ ለዚያ ሰው ምክንያቱን የመንገር ዕዳ አለበት። ፈላስፋዋ ሐና አረንት እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመችው «የሰው ልጅ ሁኔታ» በተሰኘው መጽሐፍ፣ ነገ የማይታወቅ በመሆኑ የሚመጣውን ችግር ሰዎች የሚቋቋሙት ቃል በመግባት ነው ብላ ተከራክራለች። ፐርት በወጣበት በዚያው ዓመት መሆኑ ይገርመኛል። አንዱ ወገን እርግጠኛ አለመሆንን በስሌት ሊያጠበው ሲሞክር፣ ሌላዋ እርግጠኛ ባይሆኑም አብሮ መኖር የሚቻልበትን መንገድ ትፈልግ ነበር።

እዚህ ላይ ወለጋ ውስጥ የሚኖር ሰው ተቃውሞ ቢያነሳ አይፈረድበትም። እ.ኤ.አ. በ2020 ከጥር እስከ መጋቢት መጨረሻ በወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ከዚያም ወዲህ በአካባቢው በነበረው ግጭት ምክንያት መንገድ የተዘጋባቸውን ቀናት የማያውቅ መንገደኛ የለም። መቆጣጠር በማይችለው ነገር ላይ ቃል የሚገባ ሰው ቃሉን አያረክሰውም? ደግሞስ አማርኛ ተናጋሪውም ኦሮምኛ ተናጋሪውም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ስለ ነገ ሲናገር የፈጣሪን ፈቃድ ያስቀድም የለም ወይ? የጊዜ ሰሌዳ መዘርጋት በዚያ ላይ መድፈር ይሆን?

አይመስለኝም። ፈቃዱ ከሆነ የሚል ሰው ነገን አላውቅም አለ እንጂ አልመጣም አላለም። በሙያችን የስጋት መዝገብ የምንለው ሰንጠረዥም ይህንኑ ትሕትና በጽሑፍ ያኖራል፤ ስጋቱ፣ የመከሰት ዕድሉ፣ የሚያደርሰው ጉዳት፣ በመጨረሻም ስጋቱን የሚከታተለው ሰው ስም ይሞላበታል። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ያለው በዚያ የስም ዓምድ ላይ ነው። ግምት ባለቤት አያስፈልገውም፤ ቃል ግን ያለ ባለቤት አይቆምም። መንገዱ ቢዘጋ መንገዱን የሚከፍት ላይኖር ይችላል፤ ተዘግቷል ብሎ በጊዜ የሚያሳውቅ ሰው ግን መኖር አለበት።

የደቦን ሥርዓት ያየ ገበሬ ይህ አያስቸግረውም። የደቦው ቀን ለቅሶ ቢውልበት ቀኑ ይሻራል፤ የሰው ጉልበት የተቀበለ ግን የጉልበቱ ዕዳ አይሻርለትም። ባህላችን ስለ ነገ አያስብም የሚል ግን አልጠፋም። ፈላስፋው ጆን ምቢቲ እ.ኤ.አ. በ1969 በአፍሪካውያን ባህላዊ አስተሳሰብ ሩቅ የሆነ መጪ ጊዜ የለም ብሎ ጽፎ ነበር፤ ጋናዊው ፈላስፋ ክዋሜ ጄቼም ተቃውሞታል። በየ8 ዓመቱ ሥልጣን የሚያስረክበውን፣ የወደፊት ተረኞቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚታወቁበትን የገዳ ሥርዓት ለሚያውቅ የወለጋ አንባቢ የምቢቲ ሐሳብ እንደማያስኬድ ግልጽ ነው። ገዳ የመጪው ጊዜ ትንበያ አይደለም፤ ሥልጣኑን የያዘው ትውልድ ለተከታዩ የገባው ቃል ነው።

ቀን ሁሉ ከሽፎ ቃል ሲጸና ማየት ለሚፈልግ የኦነሲሞስ ነሲብ ታሪክ አለ። በልጅነቱ ከኢሉባቦር ተወስዶ ለባርነት የተሸጠው ኦነሲሞስ ነፃ ከወጣ በኋላ ዓላማው አንድ ነበር፤ ወደ ወገኖቹ ተመልሶ በቋንቋቸው ማስተማር። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ በሱዳን በኩል የተደረገው ጉዞ ከሸፈ። ሌላ ሙከራም ተደርጎ ሳይሳካ ቀረ። እንደ ትምህርታችን ቢሆን ወሳኙ መስመር ተቆርጧል፤ ተከታዩ ተግባር ሊጀመር አይችልም። እሱ ግን ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ያዘ። ቋንቋውን በልጅነቱ ስለተለየው የቃላት እጥረት ነበረበት፤ ያንን የሞላችው ራሷም ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ ናት። ቃላትን፣ ተረትና ዘፈኖችን ሰብስባ አቀረበች። አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1899 ታተመ። ኦነሲሞስ ወለጋ የገባው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው፤ ነቀምቴ ላይም አስተምሯል፤ የሞተው በ1931 ነው። የመንገዱ መዘጋት የሰጠው የጥበቃ ዘመን ራሱ ትልቁ ሥራ ሆነ። ማንም የጊዜ ሰሌዳ ይህን አስቀድሞ ሊያሳይ አይችልም ነበር።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ቃል የገባሁት እኔ ነኝ፤ የምከፍለው ግን የማን ጊዜ ነው? በወሳኝ መስመር ስሌት ውስጥ ፍሎት የሚባል አለ፤ አንድ ተግባር የፕሮጀክቱን መጨረሻ ሳያዘገይ ሊቆይ የሚችልበት ትርፍ ጊዜ ነው። በወረቀት ላይ ፍሎት ከመቀነስ የሚገኝ ቁጥር ነው። እየሠራ በሚማር ሰው ሕይወት ውስጥ ግን ፍሎት ሁልጊዜ ከሆነ ሰው ይመጣል። የቅዳሜ ክፍለ ጊዜ እንዳያመልጠኝ ባለቤቴ ገበያውንም ልጆቹንም ብቻዋን ትይዛለች። አሳይመንት የማስረክብ ዕለት የቢሮ ባልደረባዬ የእኔን ባለጉዳይ ያስተናግዳል። ሁለቱም በሰንጠረዤ ላይ የሉም፤ ቃሉን ስገባ ማንም አላማከራቸውም።

ነገሩ በትልልቆቹ ፕሮጀክቶችም ያው ነው። ሆሮ ጉዱሩ ወለጋ የሚገኘው የፊንጫ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1973 ሲጠናቀቅ ለአገር መብራት ሰጥቷል፤ ያንን አልክድም። የጮመን ረግረግ ሐይቅ ሲሆን ግን በዙሪያው የነበረ ማሳና የግጦሽ መሬት በውኃ ተዋጠ፤ ሰዎችም ከቀያቸው ተነሡ። ፕሮጀክቱ ለከተማ የገባውን ቃል የጠበቀው ቃሉን ባልገቡ ገበሬዎች መሬት ነው። ዛሬ በየስብሰባው ባለድርሻ አካላት ይባላል፤ ባለድርሻ ተብሎ የሚጠራው ግን ብዙውን ጊዜ ጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጠው እንጂ መሬቱን ወይም ጊዜውን የሚከፍለው አይደለም።

ስለዚህ የእኔ መልስ ይህ ነው። ዕቅድ ቃል ነው፤ ሌላው ሰው ሳያውቅ በእሱ ጊዜ የተገባ ቃል ግን ገና ዕቅድ ለመባል አልበቃም። በዚህ ዓመት ሥራና ትምህርት አጣምራችሁ የምትጀምሩ የነቀምቴ፣ የሻምቡ፣ የደምቢ ዶሎ ተማሪዎች፣ የመጀመሪያውን የጊዜ ሰሌዳችሁን ስትሠሩ ፍሎቱን የሚሰጧችሁን ሰዎች ስም ጻፉበት፤ ከመፈረማችሁም በፊት አሳዩአቸው። አይሆንም ካሉ ቀኑን አስተካክሉ።