ወዳጅነት ለትዳር ይበቃልን?

«ከልጅነት ጓደኛ ጋር ትዳር መመሥረት ይገባልን? ወይስ ወዳጅነቱም ትዳሩም አብረው ይጠፋሉ?» ለምስጢረ ተክሊል የሚዘጋጁ ወጣቶች እንዲህ ሲጠይቁን ለመልስ እንቸኩላለን። ጥያቄው ግን ቆም ብሎ ማሰብን ይሻል። ለዚህም በደቡብ ሕንድ በታሚል ቋንቋ የተሠራ አንድ ፊልም መነሻ ይሁነን።

ፊልሙ «ኦ ማይ ካዳቩሌ» ይባላል፤ «አምላኬ ሆይ» እንደ ማለት ነው። አሽዋት ማሪሙቱ የመጀመሪያ ሥራው አድርጎ ያዘጋጀው ይህ አስቂኝ የፍቅር ታሪክ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። በ2022 ደግሞ በቴሉጉና በካናዳ ቋንቋዎች እንደገና ተሠርቷል። አርጁንና አኑ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው። አባቷ ሊድሯት በተነሡ ጊዜ አኑ አርጁን እንዲያገባት ትጠይቀዋለች፤ እርሱም ብዙ ሳያስብ እሺ ይላል። ከጋብቻው በኋላ ግን እንደ ሚስት ሊያያት አልቻለም፤ ሊስማት ሲቀርብ ሳቁ ይመጣበታል። ሳቁ ወደ ኩርፊያ፣ ኩርፊያው ወደ ጥርጣሬ ይለወጥና ጉዳያቸው ፍርድ ቤት ይደርሳል። በዚያች ሰዓት ተዋናዩ ቪጃይ ሴቱፓቲ የሚጫወተው «አምላክ» ለአርጁን አንድ ትኬት ይሰጠዋል፤ በትኬቱም አኑ ወደ ጠየቀችው ዕለት ተመልሶ እንቢ ለማለት ይችላል።

ትኬት የሚያድል አምላክ የቀልድ አምላክ እንጂ የእምነታችን አይደለም። ታሪኩ የሚያነሣው ጥያቄ ግን ቀልድ አይደለም። ትዳራቸውን ያፈረሰው ወዳጅነት ነውን?

አይመስለንም። ፈላስፋው አርስቶትል ወዳጅነትን በሦስት ይከፍለዋል፤ ስለ ጥቅም፣ ስለ ደስታና ስለ መልካምነት የሚደረግ ወዳጅነት ብሎ። ሦስተኛው ወዳጁን ስለ ራሱ ስለ ወዳጁ ብሎ የሚወድ ስለሆነ ጊዜንና መተዋወቅን ይጠይቃል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖም በባልና በሚስት መካከል ያለው ወዳጅነት ከሁሉ የሚበልጥ እንደሆነ አስተምሯል። እንግዲህ ወዳጅነት የትዳር ጠላት ሳይሆን መሠረቱ ነው።

የአርጁን ጉድለት ሌላ ነው። ወዳጅነቱ በጨዋታና በሳቅ ደረጃ ቆሞ ቀርቷል። ብዙ ዘመን አብሯት ስለኖረ ያወቃት መሰለው፤ ያወቃት ስለመሰለውም መጠየቁንና ማዳመጡን ተወ። «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» የሚለው የአበው ብሂል በእርሱ ላይ ተፈጸመ። በሁለተኛው ዕድሉ ከትምህርት ቤት ዘመኑ ጀምሮ የሚያደንቃትን ሌላ ሴት ይከተላል። ይሁን እንጂ አኑ ለሌላ ሰው ልትዳር ስትል ያጣውን ነገር ይረዳል። በመጨረሻም ፍርድ ቤት ሲመለስ ፍቺውን አይሻም። አኑ ያችው አኑ ናት፤ የተለወጠው የእርሱ ዓይን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ትኬቱ የተሰጠው ለባልየው ብቻ ነው፤ የተጎዳችው ሚስት ግን እርሱ እስኪማር ትጠብቃለች። ይህ ፍትሐዊ ነውን? ተቃውሞው እውነት አለው። ነገር ግን በእውነተኛው ሕይወት ሁላችንም ያለነው በአኑ ቦታ ነው፤ ትናንትን የሚመልስ ትኬት ለማንም አልተሰጠም። የተሰጠን ዛሬ ይቅር ማለትና ዛሬ እንደገና ማየት ነው። ይህንንም ስንል ድብደባና ግፍ ባለበት ቤት የተበደለችውን «ታገሺ» ብሎ ዝም ማሰኘት እንደማይገባ አንዘነጋም።

ስለዚህ ለወጣቶቹ የምንመልሰው መልስ እንዲህ ይሁን። ጓደኛ መሆናችሁ መልካም ጅምር ነው፤ ግን አይበቃም። «ምን ያህል ዘመን እንተዋወቃለን?» ከማለት ይልቅ «ገና ያላወቅሁትን ለማወቅ ፈቃደኛ ነኝን?» በሉ። ለብዙ ዓመታት በትዳር የኖርነውም ብንሆን ይህ ጥያቄ አያልፈንም። ዛሬ ማታ በማዕዳችን ዙሪያ አጠገባችን የሚቀመጠውን ሰው በእርግጥ ካየነው ስንት ጊዜ ሆነን?