ፍጡር ስንት ነጥብ ያወጣል?

እስቲ ለጨዋታ አንድ አዲስ ዘር እንፍጠር። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን የተጫወታችሁ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ላልተጫወታችሁ፦ ሁሉም የየራሱን ገጸ ባሕርይ ይዞ ይገባል፤ አንዱ ደግሞ አጫዋች ሆኖ ዓለሙንና ጠላቱን ያዘጋጃል። የኛ ዘር አገሩ ጌዴኦ፣ ሬኮ ይሁን። ከእንሰትና ከቡና መሀል፣ ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የበቀሉ፣ የሚራመዱ ዕፆች።

የራሳቸውን ዘር የሚፈጥሩ ተጫዋቾች አንዱ ከሌላው እንዳይበልጥ ለየችሎታው ነጥብ ይተምናሉ። መብረር ይህን ያህል፣ በጨለማ ማየት ያን ያህል። ጭቅጭቁ የሚነሳው “ዓይነት” ላይ ሲደረስ ነው። ሰው መሰል መሆን ቀርቶ ዕፅ መሆን ስንት ያወጣል?

እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ሕግ፣ ሰውን ባለበት የሚያደርቀው ድግምት የሚይዘው ሰው መሰሉን ብቻ ነው። ዕፁ ያመልጣል። ትርፍ ነው፣ እናስከፍለው። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ግን የሚያጠወልግ ድግምት አለ፤ ዕፅ ሲያገኝ ጉዳቱን እስከ ጣሪያው ያደርሰዋል። ይሄ ኪሳራ ነው፣ እንመልስለት። ታዲያ ሂሳቡ ስንት መጣ?

አይመጣም። ዋጋውን የሚወስነው አጫዋቹ ያዘጋጀው ጠላት ነው። የሚያጠወልግ ጠንቋይ በሌለበት ዓለም ዕፅ መሆን የነጻ ስጦታ ነው፤ በሞላበት ዓለም የሞት ፍርድ። ፍጡሩ ግን አንዲት ቅጠል እንኳ አልለወጠም።

ነገሩ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት ነበር። በ2010 ዓ.ም. ከምዕራብ ጉጂና ከጌዴኦ ዞኖች በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተፈናቀለ። የቃል ታሪክ የጌዴኦና የጉጂን አባቶች ዳራሶንና ጉጆን ወንድማማች ያደርጋቸዋል፤ ጎንዶሮ የሚባል የእርቅ ሥርዓትም አላቸው። ትናንት ገበያ ላይ ማንም ልብ ያላለው ማንነት በማግስቱ ቤት አስከፈለ። ሰውዬው ያው ሰውዬ ነው። የተለወጠው የቆመበት ዓለም ነው።

“እንግዲያው ዓይነት የሚባለውን ነገር እናጥፋው” የሚል አይጠፋም። የ2024ቱ እትም “ዘር” የሚለውን ቃል ትቶ “ዝርያ” ብሏል። ጥሩ ነው። ሰው የሚያደርቀው ድግምት ግን ዛሬም ዓይነት ይመርጣል፤ ስም መቀየር ጠላትን አይቀይርም። ደግሞስ ዕፅነታቸውን ብንገፍፋቸው የሬኮ ልጆች ምን ይቀራቸዋል? ዩኔስኮ በ2023 የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ የመዘገበው ሰውና ዛፍ አብረው የኖሩበትን መልክ ነው።

ስለዚህ እኔ ለዕፆቻችን ዓይነት ዜሮ ነጥብ ጻፍኩ። አልተወደዱም፣ አልረከሱም። ከዚያ “ይሄ ፍጡር ስንት ያወጣል?” የሚለውን ጥያቄ ትቼ “ምን እየጠበቀው ነው?” ብዬ ወደ አጫዋቹ ዞርኩ። በጨዋታ አጫዋቹ አንድ ስለሆነ መጠየቅ ይቀላል። በኑሮ ግን ብዙ ነን፤ ሁላችንም ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ትንሽ ጠላት እናስቀምጣለን፣ ከዚያም የሌላው ሰው ዓይነት ለምን ውድ ሆነ ብለን እንገረማለን።