ቀጠሮ ወይስ መጥሪያ?

የእግር ኳስ ጨዋታ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ምሽት ይደረግ የሚለው ነገር የመርሐ ግብር አውጪዎች ራስ ምታት እንጂ የፍልስፍና ጥያቄ አይመስልም። “ማክሰኞ ሆነ ቅዳሜ ኳሷ ያው ክብ ናት” የሚልም አይጠፋም። እኔ ግን ጉዳዩ የፍትሕ ጉዳይ ነው ባይ ነኝ። እስቲ ታገሱኝና ላስረዳ።

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረ ጊዜ ተማሪዎች ቶሎ ከሚለምዷቸው ቃላት አንዱ “መቼት” ነበር። “መቼ”ንና “የት”ን አጋብቶ የተፈጠረ ቃል ነው። ቃሉን መልመድ ቀላል ነው፤ የሚከብደው መቼት ከታሪኩ ጀርባ የተሰቀለ መጋረጃ አለመሆኑን መረዳት ነው። በገበያ ቀን የተነሳ ጠብና በውድቅት ሌሊት የተነሳ ጠብ አንድ ጠብ አይደሉም። የመጀመሪያው ገላጋይም ምስክርም አለው፤ ሁለተኛው የለውም። “መቼ”ን የወሰነ ሰው ማን እንደሚገኝና ማን እንደሚቀር አብሮ ወስኗል።

ኳስም እንዲሁ ነው። እንግሊዞች ቅዳሜ ከሰዓትን የኳስ ጊዜ ያደረጉት እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1850 የወጣው የፋብሪካ ሕግ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠሩ ሴቶችና ወጣቶች ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ እንዳይሠሩ አዘዘ። ውሎ አድሮ የግማሽ ቀኑ ዕረፍት ለሌላውም ሠራተኛ ተዳረሰ፤ ኳሱም 9 ሰዓት ላይ ተተከለ። ልብ በሉ፣ የጨዋታውን ሰዓት የቆረጠው ተመልካቹ ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት ነው። እስከ ዛሬም በዚያ አገር በዚያ ሰዓት የሚደረጉ ጨዋታዎች በቴሌቪዥን በቀጥታ አይተላለፉም። ሰው የሰፈሩን ትንሽ ቡድን ትቶ ሶፋው ላይ እንዳይቀር ነው። እኛ አዲስ አበባ፣ ዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ስናየው የኖርነውን ጨዋታ የማንቸስተሩ ሰው በገዛ ቤቱ አያየውም።

ጀርመኖች ደግሞ ሌላ ነገር አሳይተውናል። በ2017/18 የውድድር ዘመን የቡንደስሊጋው ኃላፊዎች 5 ጨዋታዎችን ሰኞ ምሽት ላይ አደረጉ። ምክንያታቸው ክፉ አልነበረም፤ ሐሙስ በአውሮፓ መድረክ የተጫወተ ቡድን ዕረፍት ያግኝ ነው። ደጋፊው ግን ማክሰኞ ጠዋት ሥራ የሚገባ ሰው ነው። የካቲት 12 ቀን 2010 ዓ.ም. ፍራንክፈርት ላይ የቴኒስ ኳስ ወደ ሜዳ ዘነበ። በሳምንቱ ከ80 ሺህ ሰው በላይ የሚይዘው የዶርትሙንድ ስታዲየም ወደ 54 ሺህ ሰው ብቻ ገባበት። ኅዳር 2011 ዓ.ም. ላይ ሊጉ ከ2021/22 የውድድር ዘመን ጀምሮ የሰኞው ጨዋታ እንደሚቀር አስታወቀ። ያልመጣው ሰው ባለመምጣቱ ተሰማ ማለት ነው።

ወደ ቤታችን እንምጣ። የእኛ ፕሪምየር ሊግ የ2013 ዓ.ም. ውድድሩን ከሁለት እንግዶች ጋር ጀመረ፤ ከኮሮናና ከሱፐርስፖርት ካሜራ ጋር። ክለቦች በየከተማቸው መጫወታቸው ቀረና ተሰብስበው ከአዲስ አበባ ጅማ፣ ከዚያ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ እየተባለ ዞሩ። ጨዋታውም በአብዛኛው የቅዳሜና እሁድ መሆኑ ቀርቶ በሥራ ቀን፣ ቀስ በቀስም ምሽት በፓውዛ ብርሃን በብዛት ይደረግ ጀመር። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ጭራሽ ከዙሩ ወጣች፤ የጊዮርጊስና የቡና ጨዋታ፣ ያ “የሸገር ደርቢ” የምንለው፣ ከሸገር ውጭ ተደረገ።

የቴሌቪዥኑን መልካም ጎን አልክድም። ክለቦች የለመዱትን የመንግሥት እጅ ብቻ ከማየት ትንሽ ፋታ አገኙ። ስታዲየም መድረስ የማይችሉ አዛውንት ቤታቸው ሆነው አዩ። የምሽቱም ነገር ቢሆን፣ የድሬዳዋ ፀሐይ በ9 ሰዓት ምን እንደምትሠራ ለሚያውቅ ተጫዋች ምሽት ምሕረት ነው። ለቢሮ ሠራተኛም ከማክሰኞ 9 ሰዓት ማክሰኞ ምሽት 1 ሰዓት ይሻለዋል። ግን ጨዋታው 3 ሰዓት ገደማ ሲያልቅ ታክሲ አለ ወይ? ወላጅ ልጁን ይዞ ይሄዳል ወይ? ምሽት ላይ ሱቁን የሚከፍተው፣ የሌሊት ጥበቃ የሚገባው፣ ጉሊት ላይ የምትቀመጠዋስ?

“ማን ከለከላቸው? በሩ ክፍት ነው፤ የፈለገ ይምጣ” ይባላል። ይሄ መልስ ዓርብ ቀን ጾመኛን ክትፎ ጋብዞ “እምቢ ያለው እሱ ነው” እንደማለት ነው። ማንም እንደማይመጣ በሚታወቅበት ሰዓት የተከፈተ በር ክፍት አይባልም።

አገራችን ይህን ፍልስፍና ያለ መጽሐፍ ስትኖርበት ኖራለች። የአንዱ አገር ገበያ ማክሰኞ ከዋለ የጎረቤቱ ሐሙስ ወይ ቅዳሜ ይውላል፤ ነጋዴውም ሸማቹም ከሁለቱም እንዲደርስ። ዕድርተኛ እሁድ ጠዋት የሚሰበሰበው ሊቀመንበሩ እሁድን ስለሚወድ አይደለም፤ የቀን ሠራተኛውም ሹሙም ቤቱ የሚገኘው ያን ቀን ስለሆነ ነው። ቀኑ የሚቆረጠው ለመምጣት በጣም የሚቸግረውን ሰው አስቦ ነው። ቀጠሮ የምንለው ይሄንን ነው። ቀጠሮ ሁለት ወገን ይፈልጋል። አንዱ ወገን ብቻውን ቀን ቆርጦ “ተገኝ” ካለ ግን ስሙ ቀጠሮ አይደለም፣ መጥሪያ ነው። መጥሪያ የሚልከው ደግሞ ፍርድ ቤት እንጂ ወዳጅ አይደለም።

የሚገርመው፣ መጥሪያ ላኪው ራሱም ይከስራል። ካሜራው የሚሸጠው ሃያ ሁለት ሰው ሲሮጥ ብቻ አይደለም፤ ጭብጨባውንና ዜማውን፣ ጎል ሲገባ እርስ በርሱ የሚተቃቀፈውን የማይተዋወቅ ሰው ጭምር ነው። ባዶ ወንበር ላይ የተቀረጸ ጨዋታ ልምምድ ይመስላል። የሰውን ምሽት ሳይጠይቁ ወስደው ከሸጡት በኋላ ገዢው “ሰዉ የታል?” ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

የሥራ ቀን ጨዋታ ሁሉ ይቅር አልልም፤ የክለቦች ብዛት፣ የሜዳ እጥረት፣ የብሔራዊ ቡድን ግጥሚያ እንዳለ አውቃለሁ። የምለው ትንሽ ነው። መርሐ ግብር ሲወጣ የደጋፊ ማኅበራት ወንበር ይኑራቸው። የከተማው ትራንስፖርት ኃላፊም ይጠራ፤ ያመሸውን ሰው ወደ ቤቱ የሚመልሰው አውቶቡስ ካልተገኘ ጨዋታው ወደ ቀን ይምጣ። ትልልቆቹ ግጥሚያዎች ደግሞ ሰው በሚያርፍበት ቀን ይዋሉ። ይህ ሁሉ ተደርጎም ማክሰኞ ማታ ቢባል፣ ደጋፊው የቀረው ተመክሮበት ነውና ቅር ቢለውም አይናቅም። ሳይጠየቁ መቅረትና ተጠይቆ መቅረት ለየቅል ናቸው።