«አሸነፍን» ስለ ማለት

የእግር ኳስ ጨዋታ ካለቀ በኋላ የተመልካቹን አነጋገር ልብ ብሎ ያዳመጠ ሰው ሰዋስውን ብቻ ሳይሆን ግብረ ገብንም ይማርበታል። ቡድኑ ድል ያደረገ እንደ ሆነ፣ በዕድሜው አንድ ጊዜ ስንኳ ኳስ መትቶ የማያውቅ ሽማግሌ «አሸነፍን» ይላል። የተረታ እንደ ሆነ ግን ያው ሽማግሌ «ተሸነፉ» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። «እኛ» የነበረው በአንድ ሰዓት ውስጥ «እነርሱ» ሆነ ማለት ነው። ለመሆኑ ሜዳ ያልገባ ሰው «አሸነፍን» ለማለት ምን መብት አለው? መብቱስ ካለው፣ «ተሸነፍን» የማለት ግዴታ የለበትምን?

ይህን አነጋገር ከንቱ ትምክሕት ነው ብለው የሚነቅፉ አሉ፤ እኔ ግን ከእነርሱ ጋር አልስማማም። «ዓድዋ ላይ ድል አደረግን» የምንል ሁላችን ከዓድዋ በኋላ የተወለድን ነን፤ ስለዚህ ግን ውሸታሞች ናችሁ የሚለን የለም። ሰው ከአባቶቹ ያልሠራውን ሥራ ይወርሳል። ነገር ግን ወራሽ መሬቱን ብቻ ሳይሆን ዕዳውንም እንደሚወርስ ማንኛውም ባላገር ያውቀዋል። በኳሱ «እኛ» ውስጥ ያለው ዕዳ ምን እንደ ሆነ ለመመርመር፣ ከጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

በዚያን ቀን በአዲስ አበባ ስታዲየም፣ ለሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ የኢትዮጵያ ቡድን በዚያን ጊዜ የተባበረው ዐረብ ሪፐብሊክ ይባል ከነበረው ከግብፅ ቡድን ጋር ተገናኘ። ግብፆች ያለፉትን ሁለቱን ዋንጫዎች የወሰዱ፣ ከአምስት ዓመት በፊትም ካርቱም ላይ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 የረቱ ናቸው። አሁንም በ35ኛው ደቂቃ ቀደሙ። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ ቢያደርግ፣ ግብፆች በ75ኛው ሁለተኛውን አገቡ። በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ እንደ ገና አቻ አደረገ። በተጨማሪው ጊዜ ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ አግብተው ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ። ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴም ዋንጫውን በእጃቸው ለሉቺያኖ ሰጡት። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ ይህን ዋንጫ ደግማ አላገኘችውም።

ሉቺያኖ የአሥመራ ልጅ ነው፤ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣልያናዊ ወታደር ነበር። ጠላት ከአገር ከወጣ ገና ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር። በዚያ ስታዲየም ውስጥ አባቱን ወይም ወንድሙን በጣልያን ጥይት ያጣ ሰው ብዙ እንደ ነበረ አያጠራጥርም። «ክልስ» የሚለውንም ቃል ሰው ሁልጊዜ ለምስጋና አልተጠቀመበትም። እንግዲህ ያ ሐዘንተኛ ተመልካች፣ ሉቺያኖ ዋንጫውን ሲቀበል አይቶ «አሸነፍን» ባለ ጊዜ፣ አስቦበትም ይሁን ሳያስበው፣ ይህ ሰው የእኛ ነው ብሎ ቃል የገባ ያህል ነው። «የለም፣ እኔ በደም እቆጥራለሁ» የሚል ቢኖር፣ ከአራቱ ግብ የሁለቱን ወንድማማቾች ይቀንስ፤ ሁለት ለሁለት ይቀርለታል፤ ዋንጫ ግን የለውም።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ አገር ሆነች፤ የአምበሉም የትውልድ ከተማ ከድንበር ማዶ ቀረች። ታዲያ ድሉ የማን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ፣ ሁለት ሕዝቦች አንዱን ድል «የእኛ ነው» ቢሉ ድሉ አያንስም፤ እንደ እርስት መሬት በገመድ የሚከፈል አይደለምና። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከአብዮቱ በኋላ ሉቺያኖ ወደ ጣልያን ሄደ፤ በዚያው ኖሮ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ዐረፈ። በእነዚያ ረጅም ዓመታት ውስጥ፣ ድሉን ሳናነሣ የማናድር ሰዎች፣ ሰውየውን ስንት ጊዜ አነሣነው?

ስለ አጨዋወታችንም የምንናገረው ከዚህ አይርቅም። «የእኛ ጨዋታ አጭር ቅብብል ነው፤ ቁመትና ጉልበት ባይኖረን ጥበብ አለን» ይባላል። እውነትነት አለው፤ በሰፈር ጠባብ ሜዳ በጨርቅ ኳስ ያደገ ልጅ ሌላ ምን ይማራል? ነገር ግን መታወቂያ የነበረው አባባል እያደር ማመካኛ ሆነ። ቡድኑ ሲረታ «ጥበቡስ ነበረን፣ ጉልበት አነሰን» ማለት ለተመልካቹ መጽናኛ ነው፤ ለተጫዋቹ ግን ገና ሳይሰለፍ የተፈረደበት ፍርድ ነው። የ1954ቱ ሰዎች ሁለት ጊዜ ተመርተው ሁለት ጊዜ ደረሱ፤ አራቱንም ግብ ያገቡት ሌላው በሚደክምበት ሰዓት ነው። (የአዲስ አበባ ከፍታ ሳይረዳቸው አልቀረም፤ አየር ብቻውን ግን ግብ አያገባም።) ጥበብ ብቻ ነበራቸው ብንል፣ ከሠሩት ሥራ ግማሹን እንነፍጋቸዋለን።

ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው በ2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ የዋለበት ቀን፣ እንደ አጋጣሚ፣ ያው ጥር 13 ነበር። የኔልስፕሩትን ስታዲየም በዚያ አገር በስደት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አድምቀውት ነበር። ግብ ጠባቂው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ በወጣ ጊዜ ከመቀመጫው ወደ ሜዳ ዕቃ ተወረወረ። የቀሩት ዐሥር ሰዎች ግን ያለፈውን ዋንጫ ከወሰደችው ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ወጡ፤ ግቡን ያገባው አዳነ ግርማ ነው። እርሱ ያገባውን «አገባን» የሚል ሰው፣ ጎረቤቱ የወረወረውንም «ወረወርን» ማለት ይኖርበታል።

በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ኢትዮጵያ ደቡብ አፍሪካን በአዲስ አበባ 2 ለ 1 አሸነፈች። ደስታው ሳይበርድ ግን፣ ከሳምንት በፊት ቦትስዋና በተሸነፈችበት ጨዋታ፣ ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበት ተጫዋች ተሰልፎ እንደ ነበረ ተሰማ። ፌዴሬሽኑ ስሕተቱን አመነ፤ ሦስቱ ነጥብ ተወሰደ፤ ጨዋታውም 3 ለ 0 እንደ መሸነፍ ተቆጠረ። ያን ሰሞን «አሸነፍን» ይል የነበረው አፍ «እነርሱ አበላሹት» ማለት ጀመረ። ኀላፊዎቹ መጠየቃቸው የሚገባ ነው። ቢሆንም ካርድ ቈጥሮ በመዝገብ የመያዝን የመሰለ ትንሽ ሥራ የሚንቅ ፌዴሬሽኑ ብቻ ነውን? በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የሚያገላብጠውን ጸሓፊ አሳንሰን የምናይ እኛ አይደለንምን?

ቡድኑ በጳጉሜን ወር ብራዛቪል ላይ የመካከለኛው አፍሪካን ሪፐብሊክ 2 ለ 1 ረትቶ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ። በመጨረሻው ማጣሪያ ከናይጄሪያ ጋር ገጥመን፣ በአዲስ አበባ 2 ለ 1፣ በካላባር 2 ለ 0 ተሸነፍን።